ማለዳ የምታፏጨው ማን ናት?

ለዛሬ ከትዳርና ከጤና ጉዳይ ትንሽ ወጣ እንበልና ወደ መናፈሻ እንሂድ። ከመሄዳችን በፊት ግን እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ።

ዛሬ ማለዳ፣ ገና ሰማዩ ሳይገለጥ፣ ረዳቶች «የሞላ! አንድ ሰው!» ማለት ሳይጀምሩ፣ በመስኮታችሁ በኩል አንድ ጥርት ያለ ፉጨት ሰምታችኋል? ሰው ያፏጨ የሚመስል፣ አንዱን ዜማ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሞ ወደ ሌላው የሚሻገር? «አዎ» ካላችሁ የታደላችሁ ናችሁ። «ኧረ እኔስ» ካላችሁም አይፈረድባችሁም። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ብሰማው እንኳ «ወፍ ነው» ብዬ ብርድ ልብሴን ወደ ላይ የምስብ ሰው ነበርኩ።

ጥያቄውን መጀመሪያ ያነሱብኝ አንድ ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በመዝገብ ቤት ነው፤ ፋይል ሲያወጡ፣ ፋይል ሲመልሱ፣ ቁጥር ሲሰጡ። ከ40 ዓመት በላይ የኖሩበት የመሐል ከተማ ሰፈር ለልማት ሲፈለግ ወደኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ መጡ። ባለቤታቸው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አርፈዋል። ልጃቸው አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝታ አስቆመችኝና፣

«አባባ እኮ አልነሳ አሉኝ» አለች። «ድሮ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቁጭ ነበሩ። አሁን እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ተሸፋፍነው ይተኛሉ። ሐኪም ጋ ወሰድናቸው፤ ‹ከዓይናቸው ሞራ በስተቀር ጤነኛ ናቸው› ተባልን። እስቲ ጎራ እያልክ አጫውታቸው።»

ጎራ አልኩ። ቡና ቀረበ። ሰውዬው ዝም። ፎቁን ወደዱት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቤቱ ጥሩ ነው ልጄ» አሉኝ። «ግን እዚህ ወፍ የለም።»

ሳቅ አመለጠኝ። ታውቁ የለ፣ የዛሬ ልጅ ምንም የለም ለማለት «ወፍ የለም!» ነው የሚለው። ኪሴን ፈትሼ «ወፍ የለም!» ሥራ ፍለጋ ሄጄ «ወፍ የለም!» ጋሼም የልጆቹን አራዳ የለመዱ መሰለኝ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

«በድሮው ግቢዬ ግራዋና ጌሾ ነበረ። ጥጉ ላይ ያው ወፍ ዘራሽ ቁጥቋጦ ሞልቷል። ንጋት ላይ አንዲት ወፍ እዚያ ውስጥ ሆና ታፏጫለች። ባለቤቴ ‹ተጠራህ፣ ተነሳ› ትለኝ ነበር። 40 ዓመት ሰማኋት። ምን እንደምትመስል ብትጠይቀኝ ግን አላውቅም። ወጥቼ ሳያት ጥልቅ ትላለች። አሁን ደግሞ ዓይኔም ደከመ።»

እንግዲህ አስቡት። 40 ዓመት አብሯችሁ የኖረ፣ በየማለዳው የቀሰቀሳችሁ፣ መልኩንም ስሙንም የማታውቁት ጎረቤት! እኔና ጋሼ ያቺን ጎረቤት ፍለጋ የወጣነው በዚህ ምክንያት ነው። ያየነውን ልንገራችሁ፤ እናንተም ብትወጡ እንዳትደክሙ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ወፍ የለም!

አንድ እሑድ ጋሼን ይዤ ወደ አንድ አዲስ መናፈሻ ሄድኩ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው። ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ፣ አበባው በረድፍ የቆመ፣ ፏፏቴው የሚረጭ። ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ፣ ልጆች አይስክሬም ይዘው ይሮጣሉ። ዓይን ያርፍበታል፤ አልዋሽም። ርግብ ሞልቷል። ዋኔ አለ። ቁራ ከአንዱ ምሰሶ ወደ አንዱ ይዘዋወራል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንገታችንን ወደ ዛፍ ጫፍ ስናንጋጥጥ ዋልን። ያቺ ፉጨት ግን ድምፅዋም የለ።

ጋሼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና፣ «አላልኩህም? ወፍ የለም» አሉኝ። በዚህ ጊዜ አልሳቅኩም።

ኋላ ላይ ሳጣራ ሦስት ስሕተት ሠርተን ኖሯል። አንደኛ፣ ሰዓቱ ረፍዷል። ሁለተኛ፣ ቦታው ሜዳ ነው። ሦስተኛ፣ ወደ ላይ አየን። ወፊቱ የማለዳና የማታ፣ የጥላ፣ የታች ወፍ ናት። ይህችን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ከእኛ የተሻለ ዕድል አላችሁ።

ለመሆኑ ማን ናት?

ጋሼ ፉጨቷን በአፋቸው እያስመሰሉ ሲነግሩኝ፣ እኔም ወፍ ከሚያውቅ አንድ ወዳጄ ዘንድ ሄጄ መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ በቀረጻ የተያዘ ድምፅ ስንሰማ፣ አንዷ ላይ ደረስን። ጋሼ ቀረጻው ሲከፈት ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። «እሷ ናት። ማርያምን እሷ ናት።»

በሳይንሱ ዓለም ኮሲፋ ሴሚሩፋ ትባላለች። ሴሚሩፋ ላቲን ነው፤ ግማሽ ቀይ እንደማለት። ፈረንጆቹ ደግሞ በሩፕል ስም ነው የሚጠሯት። ኤድዋርድ ሩፕል የፍራንክፈርት ሰው ነው። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ኢትዮጵያ ተዘዋውሮ፣ ጎንደርንም ስሜንንም አይቶ፣ ብዙ የወፍና የእንስሳ ናሙና ወደ አገሩ ይዞ የገባ ተመራማሪ ነው። በእሱ ስም የሚጠራ ጥንብ አንሳም አለ። አገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ እንዳላት ይታወቃል፤ ከእነዚህ ውስጥ የሩፕልን ስም የተሸከሙት ጥቂት አይደሉም።

ይቺኛዋ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ደጋ አንስቶ እስከ ኬንያና እስከ ሰሜን ታንዛኒያ ትገኛለች። ብርቅ አይደለችም። ጫካ ውስጥም፣ የቤተ ክርስቲያን ጽድና ወይራ ሥርም፣ ቁጥቋጦ በበዛበት የሰው ግቢም ትኖራለች። ብርቅ የሆነው እኛ ቀና ብለን፣ ይቅርታ፣ ዝቅ ብለን ማየታችን ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ያህል እኔ «ባለ ነጭ ቅንድቧ» እላታለሁ። ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

መልኳን በምን እንለየው?

ቅንድቧን ተመልከቱ። ራሷ ጥቁር ነው። በዚያ ጥቁር ላይ ከመንቁሯ ሥር ተነስቶ፣ ከዓይኗ በላይ አልፎ፣ ወደ ማጅራቷ የሚሄድ ረጅም ነጭ መስመር አለ። በኩል የተኳለች ሳይሆን በኖራ የተኳለች ትመስላለች። ጨለም ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ መጀመሪያ የሚታያችሁ ይሄ ነጭ መስመር ነው።

ደረቷን ተመልከቱ። ከጉሮሮዋ ጀምሮ እስከ ሆዷ ብርቱካናማ ነው፤ የበሰለ ፓፓያ ስትሰነጥቁት የሚታየው ዓይነት። ጀርባዋ ግን ጠቆር ያለ ግራጫ ስለሆነ ፊቷን ካዞረች ከአፈሩና ከጥላው ጋር ትመሳሰልና ትጠፋባችኋለች። አንዳንዴ ከፊታችሁ ቆማም አታዩዋትም።

ጅራቷን ተመልከቱ። ስትበር ዳርና ዳሩ ቀላ ያለ ብርቱካናማ ሆኖ ብልጭ ይላል፤ መሐሉ ጥቁር ነው። የሚያመልጣችሁ ወፍ ጅራት እንደዚህ ብልጭ ካለ «አለች ማለት ነው» ብላችሁ ቁጭ በሉ፤ ትመለሳለች።

መጠኗ ከመንቁሯ ጫፍ እስከ ጅራቷ ጫፍ 18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከድንቢጥ ትበልጣለች፣ ከዋኔ ታንሳለች። ወንድና ሴቱን በመልክ ለመለየት አትድከሙ፤ አንድ ናቸው። ጫጩቶቹ ግን ገና ሲያድጉ ነጠብጣብ ስለሆኑና ቅንድቡ ስለማይጎላ ያሳስታሉ።

አኳኋኗ ደግሞ ከመልኳ ይበልጥ ይነግራችኋል። መሬት ላይ ትነጥራለች፣ ትቆማለች፣ ደረቷን ቀና አድርጋ ታዳምጣለች፣ ደረቅ ቅጠል ገልበጥ አድርጋ ጉንዳን ወይ ጢንዚዛ ወይ ትል ታወጣለች። የቁጥቋጦ ፍሬም ትበላለች። ሰው ሲጠጋት ዛፍ ላይ አትወጣም፤ ወደ ቁጥቋጦው ጥልቅ ነው የምትለው። የጋሼ 40 ዓመት ያለቀው በዚህች ጥልቅታ ነው።

እሷን የሚመስሉ

አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ወፎች ያሳስቷችኋል።

አንደኛው፣ ሣር ላይ ሮጥ ሮጥ እያለ ቆም የሚለው፣ ብርቱካናማ መንቁርና ብርቱካናማ ሆድ ያለው ወፍ ነው። በየመናፈሻው አለ፤ ከእሷም ገዘፍ ይላል። ብዙ ሰው በሆዱ ቀለም እሱን «እሷ ናት» ይላል። ነጭ ቅንድብ ግን የለውም። መንቁሩን እዩ፤ የሱ ብርቱካናማ ነው፣ የእሷ ጥቁር።

ሁለተኛዋ፣ ካፌ ጠረጴዛ ሥርና ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የምትውለዋ ቡናማ ትንሽ ወፍ ናት። ይህቺም ነጣ ያለ ቅንድብ አላት! ግን ሰውነቷ በሙሉ ቡናማና ጭረት ጭረት ነው፤ መንቁሯም ለእህል ፍሬ መስበሪያ የተሠራ ወፍራም ነው። እንዲያውም ይቺን ንቃችሁ አትለፏት፤ በአፍሪካ ቀንድ ብቻ የምትገኝ ወፍ ናት። ፈረንጅ እሷን ለማየት አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል፤ እኛ በማኪያቶ ሰዓት ከእግራችን ሥር እናባርራታለን።

ሦስተኛው፣ ጥቁር ራስና ቡናማ ሰውነት ያለው፣ ከቁጥቋጦ አናት ላይ ተቀምጦ ሲለፈልፍ የሚውለው ነው። እሱ መደበቅ አያውቅም። ፊት ለፊት ወጥቶ የሚጮህ ከሆነ እሷ አይደለችም።

ወደ ቆላው ወረድ ስትሉ ደግሞ የቅርብ ዘመዷ አለች። ቅንድብ በቅንድብ፣ ደረት በደረት አንድ ናቸው። ልዩነቱ የጅራት መሐል ነው፤ የኛዋ ጥቁር፣ የዘመዷ ቡናማ። ለአዲስ አበባ ሰው ይሄ ብዙም አያስጨንቅም፤ ለመስክ ስትወጡ ግን አስታውሱት።

ድምፅዋ

ወፍ እንዳገሩ ይጮሃል ይባላል። ይቺ ግን የአገሩን ሁሉ ትጮሃለች። ከራሷ ዜማ ሌላ የጎረቤት ወፎችን ድምፅ እየሰረቀች ታስገባለች። አንዱን ጀምራ ሌላውን ትቀላቅላለች። ስለዚህ ከአንድ ቁጥቋጦ ውስጥ አራት ዓይነት ወፍ የሚጮህ ከመሰላችሁ «ስብሰባ ነው» አትበሉ። አንዷ ብቻዋን ልትሆን ትችላለች።

የራሷ ድምፅ እንደ ዋሽንት ጥርት ያለ ፉጨት ነው። ያንኑ ሐረግ ደጋግማ ታፏጫለች፣ ታርፋለች፣ ሌላ ታመጣለች። ከሁሉም የምትበረታው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሌሎቹ ወፎች ጎጆ ገብተው ሲያበቁ እንኳ እሷ ከጨለማ ጋር ትንሽ ትጫወታለች። ማታ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ዓይን መያዝ ሲጀምር፣ ከአጥር ሥር የምትሰሙት ፉጨት ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሷን ነው።

ሁለተኛው ቀን፦ ጥበቃው

ይህን ሁሉ ተምረን ሁለተኛ ወጣን። አሁን የሄድነው ወደ አንድ የቆየ መናፈሻ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ምክንያቱን ኋላ ትረዱታላችሁ። ማለዳ በሩ እንደተከፈተ ገባን። እኔ ከወዳጄ የተዋስኩትን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ። ጋሼ ከዘራ፣ ባርኔጣና ጋቢ። አንድ መቶ ሜትር እንኳ ሳንሄድ ጥበቃው ደረሰብን።

«ይሄ ምንድነው የያዝከው?»

«መነጽር ነው ወንድሜ።»

«ምን ልታይበት?»

«ወፍ።»

«ወፍ?» ከላይ እስከ ታች ገረመመኝ። «ሰው በጠዋት ተነስቶ ወፍ?»

ነገሩ ሊከር ሲል ጋሼ በከዘራቸው ገላገሉን። «ልጄ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት። አንዲት የምታፏጭ ወፍ አለች፤ ድሮ ቤቴ ነበረች። መልኳን ሳላይ መሞት ስላልፈለግኩ ነው።»

ጥበቃው ዝም አለ። ከዚያ ፊቱ ተፈታ። «አባቴ፣ ባለ ብርቱካን ደረቷን ነው?»

እኛ ተያየን!

«እኔ እኮ የሌሊት ተረኛ ነኝ» አለ። «ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ሰዓት አልሄድ ሲል፣ እሷ ናት የምትጀምረው። እሷ ከጀመረች ፈረቃዬ ሊያልቅ ነው ማለት ነው። ኑ፣ አሳያችኋለሁ።»

አያችሁልኝ? መጽሐፍ አገላብጠን፣ መነጽር ተውሰን የፈለግናትን ወፍ የሚያውቃት የሌሊት ጥበቃ ነው። ከመናፈሻው ዕቃ ቤት በስተጀርባ ወሰደን። አትክልተኞቹ የተጠረገ ቅጠል የሚደፉበት ጥግ ነው። አሮጌ የውሃ ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል። ዙሪያውን አጋም፣ ቀጋና ማንም ያልተከለው ወፍ ዘራሽ ቁጥቋጦ ከቦታል። ለጎብኚ የማይታይ፣ «ቆሻሻ» የሚባለው ቦታ ነው።

«እዚህ ቁጭ በሉ። አትንቀሳቀሱ፣ አታውሩ» አለን።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየን። እግሬ ደነዘዘ። መጀመሪያ የቅጠል ኮሽታ ሰማን። ከዚያ ጥላው ውስጥ ያ ነጭ ቅንድብ ታየ። ነጠረች፣ ቆመች፣ ቅጠል ገለበጠች። ፀሐይ ወደ ገባችበት ትንሽ ቦታ ስትወጣ ደረቷ ቦግ አለ። መነጽሩን ቶሎ ለጋሼ ሰጠኋቸው። ሞራው እንዳያስቸግራቸው ፈርቼ ነበር። ብዙ ጊዜ አዩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ቅንድቧ አይታየኝም» አሉ በሹክሹክታ። «ብርቱካኑን ግን አየሁት።»

ከዚያ ወደ ቁጥቋጦዋ ገብታ ጀመረችው። ጋሼ መነጽሩን አወረዱ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ጥበቃውም ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞር አልን።

ብትወጡ እንዲህ አድርጉ

ሰዓት፦ ማለዳ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ። የመናፈሻው በር የሚከፈትበትን ሰዓት ቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ እንደታዘብኩት ዝናብ በጣለ ማግስት ማለዳው ይበልጥ ይደምቃል።

ቦታ፦ ሣር ሜዳውን እለፉት። ቁጥቋጦ፣ ጥላ፣ የረገፈ ቅጠልና እርጥበት አንድ ላይ ያሉበትን ጥግ ፈልጉ። ወደ ደቡብ ከሆናችሁ ብሔረ ጽጌ የቆዩ ዛፎችና ጥላ አለው። ወደ ሰሜን ምዕራብ የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ፤ ሰፊ ስለሆነ ግማሽ ቀን ያዙለት። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ለማለዳ ጉዞ ምቹ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁና ሹራብ አትርሱ። እንጦጦ ላይ ግን ባሕር ዛፍ ብቻ ባለበት ብዙ አትቁሙ፤ ከሥሩ የሚያድገው ጥቂት ነው። ጽዱና አገር በቀል ቁጥቋጦው ወዳለበት ዝለቁ። ይህ ሁሉ ከራቃችሁ በሰፈራችሁ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ግቢ ዳርቻ ሞክሩ፤ ከቅዳሴ በፊት።

ጆሮ፦ በዓይን አትጀምሩ። መጀመሪያ ቆማችሁ አዳምጡ፤ ድምፁ የመጣበትን ቁጥቋጦ ለዩ፤ ከዚያ አሥር እርምጃ ያህል ርቃችሁ ተቀመጡ። ተከትላችሁ ብትሄዱ ትሸሻለች። ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ እሷ ትመጣለች።

ልብስ፦ ነጭና ቀይ ይቅር። አመድማ፣ ቡናማ፣ አረንጓዴ ይሻላል። የጋሼን ነጭ ጋቢ ከላይ በእኔ ኮት መሸፈን ነበረብኝ።

ሞባይል፦ ድምፅዋን መቅዳት ጥሩ ነው፤ ቤት ገብታችሁ ታነጻጽራላችሁ። ነገር ግን የወፍ ድምፅ ከስልክ ከፍታችሁ አትጥሯት። ሌላ ወፍ ክልሏን የወረረባት መስሏት ምግቧንና ጫጩቷን ትታ ስትሟገት ትውላለች። እናንተ ቤታችሁ ሆናችሁ በርችሁ ላይ አንድ ሰው ቆሞ «ቤቱ የኔ ነው» ሲል ቢውል ምን ይሰማችኋል?

መነጽር፦ ካላችሁ መልካም፤ ከሌላችሁም አትቅሩ። ካላችሁ ግን መጀመሪያ ጥበቃውን ሰላም በሉና ምን እንደምትፈልጉ ንገሩት። ቤተ መንግሥትና የመንግሥት ተቋም አጠገብ ባሉ መናፈሻዎች ደግሞ ጭራሽ አታውጡት። ወፏ በዓይንም ትታያለች።

ልጆች፦ ይዛችሁ ውጡ። «ዝም ካልክ ታያታለህ» የተባለ ልጅ ዝም ይላል። ይሄ ብቻውን የመግቢያውን ዋጋ ያወጣል!

«ጉዳዩ፦ ስለ ወፍ»

ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ስንወጣ ጥበቃው አንድ ነገር ጠቆመን። «ይሄ ጥግ በሚቀጥለው ወር ሊመነጠር ነው አሉ። ሣር ሊዘራበት።»

ጋሼ መንገዱን ሙሉ አልተናገሩም። በማግስቱ ስሄድ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግተው አገኘኋቸው። በዚያ በሚያምረው የመዝገብ ቤት ጽሕፈታቸው፣ ፊደሉን አተልቀው፣ ማመልከቻ እየጻፉ ነው። ከላይ «ጉዳዩ፦ ስለ ወፍ» ይላል።

አንድ ገጽ ነው። ወፊቱ ቁጥቋጦ ከሌለ መኖር እንደማትችል፣ ሣር ላይ ብቻ እንደማትመገብ፣ ጎጆዋንም ከመሬት ብዙ ሳትርቅ እንደምትሠራ፣ ያቺ ጥግ ከመናፈሻው አንፃር ትንሽ ቦታ እንደሆነች፣ አጥር ቢበጅላትና «የወፍ ቦታ» የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍባት ለጎብኚም እንደምትጠቅም ዘርዝረዋል። በመጨረሻም «ይህንን ያመለከትኩት የ40 ዓመት ጎረቤቴ ስለሆነች ነው» ብለው ፈርመዋል።

ወስደን ሰጠን። የሚመለከታቸው ኃላፊ አንብበው ሳቁ። ደግመው አነበቡና ግን አልሳቁም። «እናየዋለን» አሉ። እናንተም እንደምታውቁት የዚህ ቃል ትርጉም ብዙ ነው። ይህን ስጽፍ ጥጉ እንዳለ ነው። ወረቀት ተጻፈልን፣ ውሳኔ ተሰጠን አልልም። ገና አልተመነጠረም፤ ይኸው ነው። የመናፈሻውን ስም የደበቅኩት ያ ጥበቃ በኛ ምክንያት «ማን ነገራቸው?» እንዳይባል ነው።

እንግዲህ አንባብያን፣ ነገሬ ይሄ ነው። ከተማችን መናፈሻ እየበዛላት ነው፤ እሰየው። ግን ሁሉም ጥግ ከተላጨ፣ ሁሉም ቅጠል ከተጠረገ፣ ለዓይናችን ያማረው ለጆሯችን ባዶ ይሆናል። ግቢ ያላችሁ አንዷን ጥግ ተዉላት። አንድ ግራዋ፣ አንድ አጋም፣ ትንሽ የረገፈ ቅጠል ይበቃታል። ለምትሠሩት መናፈሻ ሐሳብ የምትሰጡ ካላችሁም «ወፍ ዘራሹን ሁሉ አትንቀሉት» በሏቸው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የዘራችው እሷና መሰሎቿ ናቸው።

ጋሼ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ መናፈሻው ይሄዳሉ። ልጃቸው «ኧረ አባባን የሚመልስልኝ ጠፋ» እያለች ታማርራለች፤ ፊቷ ግን ይስቃል። የዓይን ሞራቸውን ለመገፈፍም ቀጠሮ ይዘዋል፤ ዓመታት እምቢ ያሉትን ሰውዬ! «ቅንድቧን ሳላይማ አልቀርም» ብለው ነው።

በብሎካችን ጀርባ ደግሞ ኮሚቴውን አስፈቅደው ሁለት ግራዋና አንድ አጋም ተክለዋል። ሰፈርተኛው «ለምንድነው?» ሲላቸው «ለእንግዳ» ይላሉ። እንግዳዋ እስካሁን አልመጣችም። አጋሙ ግን ይዟል።

እናንተም ነገ ማለዳ መስኮቱን ከፈት አድርጉት። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!